ስፌት መኪናውን ቦርሳው ይምረጠው

(በካኩማ ካምፕ የቆዳ ቦርሳ ሥራ ለመጀመር ለተዘጋጁ ሁለት ቡድኖች የተደረገ ንግግር ነው። ያቀረቡት የካምፑ ትምህርት ቤት መምህርና የአንድ ቁጠባ ቡድን ጸሐፊ ናቸው።)



 የተጋበዝነው በሙያው የላቅን ስለሆንን እንዳልሆነ እናውቃለን። በዚህ ሰፈር «ቆዳ የማይሰፋ መኪና የገዙት» ሲባል እነማን እንደሆኑ የማያውቅ የለም። እኛ ነን። እናንተ ደግሞ ገንዘባችሁን ቆጥራችሁ ጨርሳችሁ፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያገኘውን ሰው ወደ ናይሮቢ ልትልኩ ቀን ቆርጣችኋል። ስለዚህ የእኛን ስሕተት ገንዘብ ሳትከፍሉበት ብትሰሙት ይሻላል ብለን መጥተናል።

እኛ አሥራ አንድ ነን። አራታችን መምህራን ነን፤ የቀሩት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ ሱቅ የሚጠብቁ፣ ጫማ የሚጠግኑ ናቸው። እያንዳንዳችን በወር 500 ሽልንግ እያዋጣን በአሥራ አራት ወር 77,000 ሽልንግ አጠራቀምን። ለአንዳንዱ ከኢንሴንቲቩ ተቀንሶ፣ ለአንዳንዱ ከልጆቹ ወተት ተቀንሶ የተገኘ ገንዘብ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 መጨረሻ አንድ ሰው ፈቃድ አገኘና ላክነው።

ከመሄዱ በፊት ከመካከላችን ጋሼ የምንላቸው፣ መርካቶ ውስጥ ቀበቶና ቦርሳ ሲሠሩ የኖሩ አባት አንድ ነገር ብለውን ነበር። «የምትሰፉትን ቆዳ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ በራሱ ጨርቅ አያሳያችሁ» አሉ። እኛ ግን ቆዳው በሻንጣ ውስጥ ልብስ ያሸታል ብለን ተውነው። ናይሮቢ ውስጥ አንድ ሻጭ የጂንስ ጨርቅ አራት ጊዜ አጥፎ ከመርፌው ሥር አስገባና ጥርት አድርጎ ሰፋው። «ኢንዱስትሪያል ነው» አለ። ይህች ቃል ናት ያታለለችን። ኢንዱስትሪያል ከተባለ ብረትም ቢሆን ይሰፋል ብለን አመንን። መኪናውና ጠረጴዛው በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ በኪታሌ፣ በሎድዋር አድርጎ እስኪደርስ ድረስ ገንዘባችን ሁሉ አለቀ።

እዚህ አምጥተን ተክለን፣ የመጀመሪያውን የፍየል ቆዳ ስናስገባ የሆነውን እንንገራችሁ። ሁለት እኩል የተቆረጡ ቆዳዎችን ጫፍና ጫፋቸውን አግጥመን መስፋት ጀመርን። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ሄደን ስንጨርስ የላይኛው ቆዳ ከታችኛው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ተርፎ ወጣ። ፈታንና እንደገና ሰፋን፤ ያው ነው። በማስቲሽ አጣበቅነው፤ ትንሽ ተሻለ፣ ግን ቆዳው ተጨማደደ። ከታች ያሉት ጥርሶች ደግሞ የቆዳውን ፊት እንደ አይጥ በሉት። ክሩን ወፍራም ስናደርግ ይበጠሳል፤ ቀጭን ስናደርግ ማንጠልጠያው ይነቀላል። በሁለት ወር ስድስት ቦርሳ ሠርተን አንድም አልሸጥንም። በመጨረሻ መኪናውን ለአንድ ልብስ ሰፊ በ45,000 ሽልንግ ሸጥነው። 32,000 ሽልንጉ ቀረ።

መኪናው መጥፎ አልነበረም። ዛሬም የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፤ ሰፊውም በጣም ደስተኛ ነው። እኛ ነን ሥራውን ሳንጠይቅ መኪናውን የጠየቅነው።

እንግዲህ ሁለተኛውን ከመግዛታችን በፊት በጋሼ ምክር ነገሩን ገልብጠን ጀመርነው። መጀመሪያ መኪና አልፈለግንም፤ ቦርሳ ሠራን። ወስፌ፣ ሁለት መርፌና የተሰመረ ክር ይዘን አንድ ቦርሳ ከእጀታው እስከ ገበሩ በእጃችን ሰፋን። አራት ቀን ፈጀ። ነገር ግን ቦርሳው የቱ ጋ ወፍራም፣ የቱ ጋ ጠማማ፣ የቱ ጋ እጅ የማያስገባ እንደሆነ ጣታችን ተማረ። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በአገራችን ቆዳ የሚሠራውን ሰው «ፋቂ» እያሉ ማናናቅ እንደነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከአባሎቻችን አንዲት እናት በዚህ ምክንያት ልጃቸው ወስፌ ሲይዝ አኩርፈው ነበር። አሁን ገበሩን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው፤ ከእሳቸው እጅ የወጣ ገበር ሚሊ ሜትር አይዛነፍም።)

የቦርሳው ወፍራም ቦታ የት ነው? ማንጠልጠያው ከፊተኛው ቆዳ ጋር የሚያያዝበት ነው። አብረን እንቁጠር። ቆዳው 1.2 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ማንጠልጠያው ታጥፎ ድርብ ስለሆነ 2.4፤ ፊተኛው ቆዳ 1.2፤ ከውስጥ ለማጠንከሪያ የምንለጥፈው 1.2፤ ድምሩ 4.8 ይሆናል። ገበሩና ማስቲሹ ሲጨመሩ ከ5 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ቆዳው የከብት ሆኖ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ያው ቦታ 8 አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ «ቆዳ ይሰፋል ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። «ስንት ሚሊ ሜትር ቆዳ፣ በየትኛው ክር ይሰፋል?» ነው የሚባለው። መለኪያ ከሌላችሁ የቢሮ ወረቀት ደርድሩ፤ የተለመደው የፎቶ ኮፒ ወረቀት አሥሩ ቅጠል አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እኛ መምህራን የጠቀምነው ይህን ያህል ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች የሚሉትን አንድ ነገር ጠንቀቅ በሉ። «እግሩ 16 ሚሊ ሜትር ይነሣል» ይሏችኋል። እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እግሩ የሚነሣበት ከፍታ ሥራውን ለማስገባትና ለማውጣት ነው እንጂ መኪናው ያን ያህል ውፍረት ይሰፋል ማለት አይደለም። የሚሰፋው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ገንዘባችንን የበላው ቆዳው የሚገፋበት መንገድ ነው። ተራው የልብስ መኪና፣ ቤት ያለውም ሆነ ፋብሪካ ያለው፣ ሥራውን የሚገፋው ከታች ባሉት ጥርሶች ብቻ ነው። ከላይ ያለው እግር ቆሞ ይጫናል። ጨርቅ ከእግሩ ሥር ይንሸራተታል። ቆዳ ግን ይይዛል። ታችኛው ሲሄድ የላይኛው ይጎተታል፤ ለዚህ ነው አንድ ሳንቲ ሜትር የተረፈው። ለቦርሳ የሚያስፈልገው እግሩ ራሱ የሚራመድ መኪና ነው፤ ነጋዴዎቹ «ዎኪንግ ፉት» ይሉታል። በደንብ የተሠራው ዓይነት ሦስት ነገር አብሮ ያንቀሳቅሳል፤ የታችኛው ጥርስ፣ መርፌውና የውስጠኛው እግር አብረው ሥራውን ይዘው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ እነሱ ሲመለሱ የውጪው እግር ወርዶ ሥራውን ይጠብቃል። መርፌው ቆዳዎቹን ሁሉ ወግቶ ይዟቸው ስለሚሄድ አንዱ ከሌላው አይቀርም።

ይህን ለማወቅ እንግሊዝኛም፣ የወረቀት ማስረጃም አያስፈልግም። መኪናው ጠፍቶ እያለ በቀኝ በኩል ያለውን መዘውር በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። መርፌው ወርዶ ሳለ ቀጥ ብሎ ቆመ ወይስ ወደ ኋላ ተራመደ? እግሩ አንድ ነው ወይስ አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ ሁለት? ሁለት ሆነው እየተፈራረቁ ከተነሡ፣ መርፌውም አብሮ ከተራመደ፣ የምትፈልጉት ዓይነት ነው። ለዚህ አንድ ደቂቃ ይበቃል። እኛ ያችን አንድ ደቂቃ አጥተን ነው።

የፋብሪካው ስም ብቻውን አይነግራችሁም። ለምሳሌ ጁኪ የሚባለው የጃፓን ፋብሪካ ዲዲኤል-8700 የሚለው መኪናው የሸሚዝና የቀላል ጨርቅ ነው፤ ዲኤንዩ-1541 የሚለው ደግሞ እግሩ የሚራመድ፣ ለቦርሳና ለወንበር ልብስ የሚሆን ነው። ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። የጀርመኖቹ ፋፍና ዱርኮፕ አድለርም ሁለቱንም ዓይነት ሠርተዋል። በተመሳሳይ አሠራር የተሠሩ የቻይና መኪኖችም ብዙ ናቸው፤ ዋጋቸው ዝቅ ይላል። የሚጠየቀው የሞዴሉ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ እዚህ ላለነው ሳትልኩልን ገንዘብ አትክፈሉ። ስልክ አለ።

ቀጥሎ የመኪናው ገበታ ነው። ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ጠረጴዛ። ሁለተኛው እንደ ክንድ ወደ ጎን የተዘረጋ ነው፤ ቦርሳው ክንዱን አጥልቆ ይዞራል። ሦስተኛው እንደ ምሰሶ ወደ ላይ የቆመ ነው፤ ይበልጡን ለጫማ ነው፣ ዛሬ እንተወው። በእኛ ቡድን ውስጥ ትልቁ ክርክር የተነሣው ጠፍጣፋው ይሁን ባለክንዱ በሚለው ላይ ነበር። ወጣቶቹ ባለክንዱን ወደዱ። ጎኑ ሰፊ የሆነ፣ ሳጥን የመሰለ ቦርሳ በውጭ በኩል ለመስፋት እርግጥ እርሱ ይመቻል፤ በጠፍጣፋው ላይ ማዕዘኑ ጋ ስትደርሱ ቦርሳው ከገበታው ጋር ይጣላል። ይሁን እንጂ ባለክንዱ ይወደዳል፤ ሰፊ ቆዳም ሲሰፋበት የሚያርፍበት ስለሌለው ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ለዚህ በክንዱ ላይ የሚገጠም ገበታ ያላቸው አሉ፤ ገንዘብ ለበቃው አንድ መኪና ብቻ ከሆነ የሚገዛው እንዲህ ያለውን ቢገዛ አይጸጸትም። ለእኛ አልበቃንም። ጠፍጣፋውን ገዛንና የቦርሳውን ቅርጽ ለወጥነው። በግልባጩ ተሰፍቶ የሚገለበጥ፣ ዚፑና ኪሱ ገና ዝርግ እያለ የሚሰፋ ቦርሳ እንሠራለን። ለመገልበጥ የፍየል ቆዳ እሺ ይላል። የወፍራም ከብት ቆዳ ግን እንቢ ስለሚል እናንተ የምታስቡት እርሱን ከሆነ የእኛን ምርጫ አትከተሉ።

ጫማ ጠጋኞች ስለሚጠቀሙበት ስለ አሮጌው ሲንጀር 29ኬ የሚጠይቁን አሉ። እግሩ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር፣ ክንዱ ቀጭን የሆነው፣ በእጅ መዘውር የሚዞረው ነው። መብራት አይፈልግም፤ ለጥገና፣ የትም የማይገባ ጥግ ለመስፋት ወደር የለውም። ነገር ግን የሚገፋው ከላይ ባለው ጥርሳም እግር ስለሆነ ቆዳው ላይ ምልክት ይተዋል፤ የታች ክሩ ጥቅልም ትንሽ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ቀኑን ሙሉ ቦርሳ ለመስፋት አይሆንም። ሁለተኛ መኪና ሆኖ ቢገኝ ግን እኛም ዓይናችን እርሱ ላይ ነው።

ሞተሩን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እኛ ባለንበት ቦታ ግን ከመኪናው እኩል ነው። አሮጌው ዓይነት ክላች ሞተር ይባላል። ማብሪያውን ስትጫኑ ወዲያው መዞር ይጀምራል፤ ብትሰፉም ባትሰፉም ይጮኻል፣ መብራት ይበላል። ላዩ ላይ 400 ወይም 550 ዋት ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ሲነሣ ግን ለአፍታ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይስባል፤ ትንሽ ጄኔሬተር ያጠፋል። ከነጋዴ ጄኔሬተር በሽቦ መስመር የምትወስዱ ከሆነ ጎረቤታችሁ አምፖሉ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይመጣባችኋል፤ እኛ ላይ መጥቶብናል። አዲሱ ዓይነት ሰርቮ ሞተር ነው። የሚዞረው ፔዳሉን ስትረግጡ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱም በቁልፍ ይቀነሳል። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። ሸሚዝ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ስፌት ይፈልጋል፤ ቦርሳ ላይ ግን የምንፈልገው መርፌዋ አንድ በአንድ ስትወርድ ማየት ነው። ጨርቅ ላይ ስሕተት ይፈታል፤ ቆዳ ላይ የገባ ቀዳዳ አይዘጋም። የሰርቮው ጉዳት ኤሌክትሮኒክስ ስላለው የመብራቱ መውጣትና መውረድ ያቃጥለዋል። በመሆኑም ከስታቢላይዘር ጋር ነው የሚገዛው፤ የስታቢላይዘሩን ዋጋ ከመጀመሪያው ደምሩት። ሳትደምሩ ከሄዳችሁ የምትቀንሱት ከክርና ከመርፌው ላይ ነው።

መርፌና ክር ደግሞ እንዲህ የሚቀነስ ነገር አይደለም። ጫፉ እንደ ቢላ የተሳለ የቆዳ መርፌ አለ፤ ጫፉ ክብ የሆነ የጨርቅ መርፌ አለ። ለቆዳ የመጀመሪያው ነው፤ ለገበሩ ሁለተኛው። እግራቸው ለሚራመድ ለብዙዎቹ መኪኖች የሚሆነው 135 በ17 የሚባለው የጨርቅና 135 በ16 የሚባለው የቆዳ መርፌ ነው፤ ሁለቱም በቀላሉ ይገኛሉ። ሻጩ «ይህኛው ልዩ መርፌ ነው የሚፈልገው» ካላችሁ በርካሽም ቢሆን ተዉት፤ አንድ መርፌ ሲሰበር ሥራችሁ ይቆማል። ክሩ የተጣበቀ ናይለን ይሁን። 69 ቁጥሩን ክር በ18 ቁጥር መርፌ ለኪስና ለገበር፣ 138 ቁጥሩን በ22 ቁጥር መርፌ ለማንጠልጠያ እንጠቀማለን። የስፌቱን ርቀት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር አድርጉት። ጠበቅ ያለ ስፌት ጠንካራ ይመስላችኋል፤ ቆዳ ላይ ግን ቀዳዳዎቹ ተቀራርበው እንደ ቴምብር ጠርዝ ያስቀድዱታል።

ያገለገለ መኪና ከሆነ የምትገዙት፣ የላከችሁት ሰው እንዲህ ያድርግ። የመርፌውን ዘንግ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ጎን ይነቅንቀው፤ ከተንቀጠቀጠ አልቋል። ከታች ያለውን መንጠቆ ጫፉን በጥፍሩ ይዳስሰው፤ ጥርስ ካወጣ ክር ይበጥሳል። ቺንጋውን ይይ። ከዚያ የራሱን ቆዳ፣ እንደ ማንጠልጠያው ደርቦ በማስቲሽ ያጣበቀውን፣ ራሱ ቁጭ ብሎ ይስፋ። ከዝርጉ ወደ ወፍራሙ ሲወጣና ከወፍራሙ ሲወርድ ስፌቱ አጠረ ወይ? ዘለለ ወይ? ገልብጦም ይየው፤ የሻጭ ጣት ሁልጊዜ የሚጠቁመው የላይኛውን ፊት ነው። ጊዜ ካለው መጀመሪያ ካሪዮኮር ገበያ ሄዶ የቆዳ ሠራተኞቹ በምን እንደሚሰፉ ግማሽ ቀን ቆሞ ይመልከት። በሁለተኛው ጉዞ እኛ እንደዚያ አደረግን፤ ከገዛንበት ሱቅ ይልቅ የተማርነው እዚያ ነው።

ሁለተኛውን መኪና በ2024 ገዛን። የመኪናው ወሬ በዚህ ያልቅ ነበር፤ ግን አንድ ያላሰብነው ነገር መጣ። ከሁላችን በላይ መኪናውን የሚያውቀው ልጅ ፕሮሰሱ አለቀለትና ሄደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሸኘነው፣ አለቀስን። በሦስተኛው ቀን መኪናው ስፌት መዝለል ጀመረ፤ የሚያስተካክለው ሰው የለም። ካቻቢቴ ይዘን ተሰብስበን ተያየን። በስልክ ቪዲዮ እያሳየን ከዚያ ማዶ ሆኖ እስኪያስተካክልልን ሁለት ሳምንት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ መንጠቆውን ማስተካከልና ዘይት ማጠጣት ሦስት ሰው እንዲያውቅ ወስነናል፤ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ጉዳዩ ገና ያልተንቀሳቀሰለት እንዲሆን። ሲነገር ያስቃል፤ ደንባችን ውስጥ ግን ተጽፏል። ደረሰኙም በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በቡድኑ ስም ነው፤ እናንተም ከወዲሁ ተነጋገሩበት፤ መኪናው ከመጣ በኋላ ይህን ማንሣት ወንድማማች ያጣላል።

አቧራውን ለእናንተ አንነግርም። ማታ ማታ በላስቲክ ሸፍኑ፤ ጠዋት ዘይት አጠጡና ከቦርሳው በፊት ቁራጭ ቆዳ ስፉበት፤ አለዚያ የመጀመሪያው ዘይት የሚንጠባጠበው ደንበኛችሁ ባዘዘው ቆዳ ላይ ነው።

ብዙ ገቢ አለን ብለን አናጓጓችሁም። በ2025 ራሽኑ ሲቀነስ ከአሥራ አንዳችን ሰባታችን የቤታችንን ዘይትና ሽንኩርት ከዚህ ሥራ ገዝተናል። ያንን ያህል ነው። የመጀመሪያውን 32,000 ግን እስካሁን አልመለስነውም፤ በመዝገባችን ላይ ተጽፎ አለ።

ሰዋችሁ ከመሄዱ በፊት ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ቦታችን ኑ። መብራቱ የሚመጣው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ልትሰሩበት ያሰባችሁትን ቆዳ አምጡ፤ ደርበን፣ አጣብቀን፣ በእኛ መኪና ሰፍተን እናያለን። ይዞት የሚሄደውን ቁራጭም እዚያው አብረን እናዘጋጃለን። ልብሱን ያሸታል ካላችሁ በሁለት ላስቲክ ጠቅልሉት።